ድምፅ የማያወጣው ሰውዬ

የካራቴ ልብሱን ከኮቱ ስር ለብሶ ወደ ማሠልጠኛችን ይመጣል፤ ኮቱንም የሰረቀው ዕቃ የደበቀበት ይመስል እስከ አንገቱ ይቆልፈዋል። ፀጉሩ ሸብቷል። መስተዋቱ ፊት ቆሞ አያውቅም። ጥግ ላይ የተንጠለጠለችውን የቡጢ ከረጢት ይይዝና ጀርባውን ይሰጠናል።

እኛ በየምቱ እንጮኻለን፤ ደንቡ ነው። እሱ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚመታው። ላቡ ወለሉ ላይ እስኪንጠባጠብ ይመታና፣ ሲጨርስ የምትወዛወዘውን ከረጢት በሁለት እጁ አቅፎ ያረጋጋታል። ከዚያ ቀስ ብሎ "ይቅርታ" ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን ይህን አይተን በሳቅ ፍርስ ብለናል።

ትናንት አሠልጣኛችን አላስችል አላት።

"ጋሼ፣ ድምፅዎን ያውጡት እንጂ! ለራስዎም ይቀልዎታል።"

"ጩኸቴን ቤት ጨርሼዋለሁ፣ ልጄ" አላት፣ ቀበቶውን እየፈታ።

ቀልድ መስሎን ገልፈጥ አልን። እሱ ግን ቀና ሳይል ቀጠለ።

"እናቴን የማስታምማት እኔ ነኝ። የመርሳት በሽታ ይዟታል፤ አንዱን ነገር አስሬ ትጠይቀኛለች። ትዕግሥቴ ሲያልቅ እጮህባት ነበር። አሁን ንዴቴን እዚህ አራግፌ ስገባ፣ አስሬም ብትጠይቀኝ ቀስ ብዬ እመልስላታለሁ።"

"እሰይ! ተሻለዎት ማለት ነው" አለች አሠልጣኟ።

ኮቱን ለበሰና እስከ አንገቱ ቆለፈው።

"ለኔስ ተሻለኝ። እሷ ግን ስሜን ረስታ ጩኸቴን አልረሳችም። በሩን ስከፍት ዛሬም ጆሮዋን በእጇ ትይዛለች።"