ጳጉሜን ያልተቀበለው ዳታቤዝ

ቆቦ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ የምታትም ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ከዋናው ዳታቤዝ ጋር አገናኝቻታለሁ። ባለፈው ሳምንት ዳታቤዙ ሲታደስ ቀን ላይ ጥብቅ ሆነና ከአሥራ ሁለት ያለፈ ወር አልቀበልም አለ። የእኔዋ ደግሞ የምትልክለት በእኛው አቆጣጠር ነው። ከጎብዬ ለመጣች እናት፣ ልጇ ጳጉሜ ሦስት ስለተወለደ ካርዱ አልወጣላት አለ።

"መስከረም አንድ ነው በይና ገላግይን" አሏት ከኋላዋ የተሰለፉ ሴትዮ።

"የሩፋኤል ዕለት የወለድኩትን?" ብላ ልጁን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው።

እያላበኝ ፕሮግራሟን አስተካከልኩ፤ ለዳታቤዙ በፈረንጅ ቀን እንድትልክ፣ ካርዱ ላይ በእኛው እንድትጽፍ። ካርዱ ወጣ። ጳጉሜ ሦስት ይላል። እፎይ ብዬ ሰጠኋት።

"ተመስገን" አለች። "እኔማ እንደገና ውለጂው የምትሉኝ መስሎኝ ነበር።"