ረዲ ያልጠበቀው መልስ

ረዲ ላይ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። መቱ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግንበት ሱቅ አለው፤ ማሽን ሲከፈት ትንሽ ከቆየበት ጠረጴዛውን በጣቶቹ መደብደብ ይጀምራል። ሚኒባስ እስኪሞላ መቀመጥ አቅቶት ጎረቤት ከተማ ሁሩሙ ድረስ በእግሩ የተነሳበት ቀን ሁሉ አለ። በእጁ ሥራ ግን አይታማም።

በሁለት ሺህ አሥር ዓ.ም. ገደማ ሁሩሙ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የታካሚዎቹን መዝገብ የምትይዝ ትንሽ ሣጥን መሰል ኮምፒውተር እንዲሠራለት አዘዘው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ማን በምን እንደታመመ ከወጣ ሰው መታከሙን ይተዋል። ስለዚህ የሚጻፈው ሁሉ ተመስጥሮ መቀመጥ ነበረበት፤ ቁልፉ የሌለው ሰው ቢያገኘው ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር እንዲሆንበት። ሥራውን የምትከታተለው የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ሙፊዳ ጀዋር ነበረች። ረዲ በሣጥኗ ሰበብ ሲመላለስ፣ የሚያመላልሰው ሣጥኗ ብቻ እንዳልሆነ ሰው ሁሉ ገባው። ሙፊዳም ገብቷታል፤ ደስም ብሏታል።

ሽማግሌ ላከ። አጎቱ ጋሼ አብዱልመሊክ ሁለት ሰው አስከትለው ወደ ሙፊዳ አባት፣ ወደ ማር ነጋዴው ጋሼ ጀዋር ሄዱ። ሲመለሱ ረዲ በር ላይ ተገትሮ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፤ ‹ኒ ማሪአና› አሉ። እንመካከራለን ነው ያሉት።»

«አልፈለጉንም ማለት ነዋ!»

«አንተ ልጅ! ልጅ ያሳደገ ሰው በመጀመሪያው ቀን እንካችሁ ይላል እንዴ? ሲጨርሱ ያስጠሩናል። አርፈህ ሥራህን ሥራ።»

አላረፈም። ጥቂት ቀናት በዝምታ ሲያልፉ ተዋረድኩ አለ፤ «እንደተውኩት ላኩባቸው» ብሎ አጎቱን ወጥሮ ያዛቸው። ጋሼ አብዱልመሊክ እያፈሩ ላኩ። ከዚያ ወዲያ ረዲ ሣጥኗን በሰው እጅ አስረከበ፤ ሁሩሙንም ረገጠ አልተባለም።

ወራት አለፉና ሣጥኗ ተበላሽታ ተመለሰች። የአንዱ ታካሚ መዝገብ በሌላው ላይ ተደርቧል፤ ግማሹ ጭራሽ አይነበብም። የሚገርመው ያው ፕሮግራም በረዲ ላፕቶፕ ላይ እንከን አልነበረውም። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ሥር ወዳለው፣ የማሽኑን ሥራ ሁሉ ወደሚያከፋፍለው ከርነል ገባ፤ ምክንያቱንም እዚያ አገኘው። ላፕቶፑ የሚመሰጠረውን ተቀብሎ እዚያው ይሠራና «ጨርሻለሁ» ይላል። ሣጥኗ ግን ለምስጠራ ብቻ የተመደበ ሌላ ቺፕ አላት። ከርነሉ ሥራውን ለቺፑ ይሰጥና ለጠያቂው «ተቀብያለሁ፣ በሥራ ላይ ነው፣ ሲያልቅ እጠራሃለሁ» ይለዋል። ጠያቂው እስኪጠራ ድረስ ሌላ ጉዳዩን መፈጸም ይችላል፤ የሰጠውን ብቻ አይንካ።

ችግሩ ከርነሉ መልስ የሚሰጠው በቁጥር ሲሆን፣ የዚህኛው መልስ ቁጥር ከስህተቶቹ ተርታ መሰለፉ ነው። ረዲ ደግሞ ፕሮግራሙን ሲጽፍ ከ«ጨርሻለሁ» ሌላ ያለውን መልስ በሙሉ «አልሆነም» ብሎ ቆጥሮታል። ፕሮግራሙ አልሆነም እንዳለ ለሥራው የያዘውን ቦታ ለሌላ መዝገብ ይለቃል። ቺፑ ምን አውቆ! ሥራውን ጨርሶ ወደ ተነገረው ቦታ ያመጣል፤ እዚያ ግን ሌላ ሰው ገብቶበታል።

ፕሮግራሙ መልሱን እንዲጠብቅ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ አጎቱ ይዘውለት የመጡት «ኒ ማሪአና» ጆሮው ላይ መጣበት። እውነት ሰው ይህን ለመረዳት ቺፕ ያስፈልገዋል? ረዲን አስፈልጎታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን እህል ሳይቀምስ ዋለ።

በማግስቱ ሣጥኗን ይዞ ራሱ ሁሩሙ ሄደ። ሙፊዳ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበረች። ሰላም ሲላት እጇን አየ፤ የሙሽራ ሂና ገና አልለቀቀም። ሣጥኗን ከፍታ አንድ ሁለት መዝገብ አስገብታ አየችና «አሁን ይነበባል» አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነበር» አለ ረዲ። ለመውጣት ዞረና ተመለሰ። «ሙፊዳ፣ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ምን ተባለ?»

መድኃኒት ልትወስድ የመጣች ሴት ነበረች፤ እሷን ሸኝታ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«አባባ የተማከሩት እኔን ነው» አለች። «እኔም እሺ ብዬ ነበር። ልናስጠራችሁ ስንዘጋጅ የናንተ ሰው መጥቶ ‹ልጁ ትቶታል› አለን። እናቴ ልጄ ምን ጎደላት ብላ ስታለቅስ ከረመች።»

«እኔ እኮ እምቢ የተባልኩ መስሎኝ...»

«እምቢ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ረዲ» አለችው።