እስከ ፋሲካ የጾመው መቁጠሪያ

ወይራ በጋለ ወስፌ ሲበሳ የሚወጣው ሽታ ሲመጣብኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን ጥዬ ልጄ ወደተቀመጠችበት በረንዳ ወጣሁ። የአጎቴ መቁጠሪያ ክሩ አርጅቶ ትናንት እጄ ላይ ተበጠሰና ፍሬዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። አልጋ ብናነሳ፣ ቁምሳጥን ብንገፋ ሦስቱን አጣናቸው። እሷ ምትክ ልትሠራላቸው ተነስታለች።

ያን መቁጠሪያ የሠራችው እናቴ ናት፣ ከገነተ ማርያም በታች ባለው መንደራችን፣ እኔ የወተት ጥርሴ እየወለቀ ሳለ፣ ለታላቅ ወንድሟ ለቄስ አዳነ። ያኔ ሁለቱ አይነጋገሩም። ምክንያቱ ለሰሚው ያስቃል፤ በእናታቸው ተዝካር ላይ አጎቴ ዋንጫውን ቀመስ አድርገው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጠላው ቀጥኗል አሉ። ስንት ቀን ጎንበስ ቀና ብላ ለጠመቀች ሴት ይህ ይነገራል? እናቴ መልስ አልሰጠችም፤ ዝም አለች፤ ዓመታት ዝም አለች። እሳቸውም ታላቅነቱም ክህነቱም ያዛቸውና ቀድመው አላናገሯትም። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ መስቀላቸውን ሳትሳለም በሌላ በር ትወጣና ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

በዚያ ዓመት ዓቢይ ጾም ሲገባ ግን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ለብቻዋ ስታወራ ሰነበተችና፣ አንድ ጠዋት ጫፉ የተሰበረውን የሟች አባቷን የወይራ በትር ከጣሪያው ስር መዘዘችው። ቆራረጠችው፣ ቀይ ድንጋይ ላይ እያሸች አድቦለቦለችው፣ ወስፌውን እሳት ውስጥ እያጋለች፣ ጭሱ ዓይኗን እያስነባት፣ አንድ በአንድ በሳችው፤ እኔ የሚያመልጡትን እያሳደድኩ እለቅማለሁ። ራሷ የፈተለችውን ክር ሰም አስነክታ አርባ አንዱን ሰካቻቸው። በመጨረሻም አባቷ በትሩን ያደርገው እንደነበረው፣ ለፋሲካ ካስቀመጠችው ቅቤ ቆንጠር አድርጋ አሸችውና ጢስ ላይ ወዘወዘችው፤ ጠቁሮ አብለጨለጨ። በጾም ቅቤ! እጇ የለመደውን ሲሠራ ልቧ ወንድሟ ዘንድ ነበር። ሰጥተሻቸው ነዪ፣ ሌላ ነገር እንዳትናገሪ ብላ ላከችኝ።

አጎቴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተቀብለው ሊሳለሙት ወደ ከንፈራቸው ሲያስጠጉ ቅቤው ሸተታቸውና እጃቸው እዚያው ቀረ። ልታፌዝብኝ ነው ብለው ቢመልሱት እናቴ ዳግመኛ ቀና ብላ እንደማታያቸው በልጅነቴም ገብቶኝ ነበር። እሳቸው ግን ፍሬዎቹን በጣታቸው አገላብጠው፣ አገላብጠው አዩ።

«ይሄ የአባባ በትር አይደል?»

ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ፤ እንዳልናገር ተነግሮኛላ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቁልቁለቱን ቀድመውኝ ወረዱ።

እናቴ ስታያቸው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። መቁጠሪያውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጉላት። ያኔ ገባት፤ «በሞትኩት፣ ቅቤ!» ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች። አጎቴ ግድግዳው ላይ ካለው ኩላብ ሰቀሉት።

«እስከ ፋሲካ እሱም ይጹም። ፋሲካ ለት እዚሁ አንቺ ቤት መጥቼ አብረን እንፈስካለን» አሉና፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው «ጠላውን ግን ወፈር አድርጊው» አሉ።

እናቴ እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። የዚያ ፋሲካ ጠላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በማንኪያ የሚበላ ነበር።

ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ ከአባታቸው በትርም የቀረኝ ይኸው መቁጠሪያ ብቻ ነው። ሱቁን የሞላው የፕላስቲክ መቁጠሪያ ያምራል፣ አይካድም፤ ግን ምንም አይሸትም። የሚኮራረፍ ሰው አሁንም ሞልቷል፤ ስልኩን ይዘጋና ይቀራል። ጣቱን እያቃጠለ ይቅርታ የሚሠራ ሰው ግን ናፈቀኝ።

ልጄ ሦስቱን ጨርሳ ሰካቻቸው። ከጠቆሩት መሃል ነጣ ብለው ባይተዋር መሰሉኝና፣ ትንሽ ባሽላቸው ብዬ ወደ ቅቤው ዕቃ ስንጠራራ መቁጠሪያውን ከእጄ ወሰደችው። የዘንድሮው ጾም ገና አጋማሹ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ሰቀለችውና፣

«እማዬ፣ እስከ ፋሲካ ይጹሙ» አለችኝ።