ወደ ኋላ የሄደችው የሙሽራ ጀልባ

ይህ ነገር ተጽፎ ለአንባቢ መቅረብ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። ሰው አልሞተበትም፤ ጅብም አላሳደደኝም። ያለው አንድ አሮጌ ሞተር፣ አንዲት ጀልባና አንዲት ሙሽራ ብቻ ነው። ነገር ግን ባለፈው ጥር ከሆነ ወዲህ በደሴ ፒያሳ ባለፍኩ ቁጥር ሰው እየጠራ ያስደግመኛል። አንድ ጊዜ በትክክል ጽፌው ብገላገል ይሻላል አልኩ።

እኔ ደሴ ውስጥ የእጅ ሥራ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአክስቴ የፋጡማ ልጅ እንድሪስ የሚኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ያጫት ልጅ ዘይነብ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ናት። ሽማግሌ በላከ ጊዜ አባቷ፣ «ልጄን ከዓይኔ አላርቅም» ብለው አንገራገሩ። እንድሪስም ሽማግሌዎቹን ሳያማክር፣ «በሞተር ጀልባ ነው የምወስዳት፤ በናፈቀችዎት ጊዜም በዚያው አመጣታለሁ» ብሎ በነቢ ማለ። አባትየው በዚህ ቃል እሺ አሉ። እንድሪስ ግን ጀልባ እንጂ ሞተር አልነበረውም። ሙሽራዋን በመቅዘፊያ ቢወስዳት የሐይቁ ሰው ሁሉ መሳቂያ ሊሆን ነው።

ሞተሩ የተገኘው የፒያሳ ነጋዴ ከሆኑት ከሐጂ ዑመር ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደ የጀልባ ሞተር ሱቃቸው ጓዳ ውስጥ፣ ከጆንያ ጀርባ ተቀምጦ ኖሯል። የሐጂ አያት ከየመን በባሕር የመጡ ስለሆኑ ሐጂ ስለ ጀልባ ሁሉን የሚያውቁ ይመስላቸዋል።

«የሠርግ ስጦታዬ ነው» አሉ። «ማስነሳቱ የናንተ ፋንታ።»

እንድሪስ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ተማሪ ነህ አይደል?»

ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። እሺ አልኩ።

ሞተሩን ስፈታው ሕመሙ ወዲያው ታወቀኝ። ቤንዚንና አየር ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ስስ የብረት ምላሶች አሉ። ሞተሩ ሲስብ ይከፈታሉ፣ ሲገፋ ይዘጋሉ። እነዚህ ምላሶች ዝገው ተሰባብረዋል። መለዋወጫ እንዳይፈለግ፣ ደሴ ውስጥ እንኳን ዕቃው ስሙም አይታወቅም። ስለዚህ በምን እንደምተካቸው መምረጥ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ከሰርዲን ቆርቆሮ ቆረጥኩ። አንዴ ተከፈተና እንደተከፈተ ቀረ። የጢም ምላጭ ሞከርኩ፤ ተሰበረ። ኮምቦልቻ ወርጄ፣ የጦር መኪና ስብርባሪ ከተከመረበት ሜዳ ላሜራ ፈልጌ አመጣሁ። እሱ ደግሞ ከነጭራሹ አልከፈት አለ። እንድሪስ በመጣ ቁጥር፣ «ዛሬስ ተናገረ?» ይለኛል። ሠርጉ እየቀረበ፣ ልጁ እየከሳ ሄደ።

በመጨረሻ ዓይኔ ሐጂ ሱቅ ባለው የተበላሸ ግራሞፎን ላይ አረፈ። በውስጡ የሚጠቀለል ስስ ብረት አለ፤ ጎበጥ ሲያደርጉት ተስፈንጥሮ ይመለሳል።

«ሐጂ፣ ይህን ግራሞፎን...»

«አይሆንም!» አሉ ሳልጨርስ። «ልጠግነው ነው።»

«መቼ?»

«ልጠግነው ነው አልኩህ እኮ! ኢንሻ አላህ።»

ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ከጓዳ ሆነው ሳቁ። «ጣሊያን ሳይገባ ጀምሮ ሊጠግኑት ነው! ውሰደው ልጄ። መዝፈኑን ከተወ ሙሽራ ያመላልስ።»

የመጀመሪያውን ቁራጭ እንዲቀለኝ በእሳት አግዬ ቆረጥኩት። ለሰለሰና እንደ ሰርዲኑ ቆርቆሮ ሆነ። ሁለተኛውን ቀጥ ካለው ጫፍ ላይ፣ ሳላግል በመሮ ቆረጥኩት። ዳር ዳሩን ሞረድኩ፤ መስተዋት ላይ አስተኝቼ ብርሃን እንደማያሳልፍ አየሁ። በጥፍሬ ሳነሳው ጥንግ ብሎ ተመለሰ። ያን ድምፅ የሰማሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሞተሩን ሐጂ ግቢ በርሜል ውኃ ውስጥ ሞከርነው። ማስነሻ ገመዱን ጠቅልዬ ሳብኩ። እኔ ግራኝ ነኝ፤ የምጠቀልለውም የምስበውም በግራዬ ነው። ሞተሩ አጓራ! ውኃው ዘሎ ሐጂን ከነቆባቸው አጠባቸው። እሳቸው ግን እየተንጠባጠቡ፣ «ማሻ አላህ! ማሻ አላህ!» ይላሉ። በርሜል ውስጥ መሄጃ ስለሌለው ወደ የት እንደሚገፋ ማንም አላየም።

የሠርጉ ቀን ሞተሩን ለሙሽራዋ ቆጥበን፣ በመቅዘፊያ ማዶ ተሻገርን። የጀልባዋ አፍንጫ ዳሩን ነክቷል። የዘይነብ አባትና እናት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሙሽራዋ ጀልባዋ ላይ ተከናንባ ወደ እነሱ ዞራ ተቀምጣለች። ጀልባዋን በእንጨት ገፍተን ካዞርን በኋላ ሞተሩን ላስነሳ ነበር ያሰብኩት። እንድሪስ ግን፣ «አሁኑኑ አስነሳው፤ ይስሙት!» አለ። ሳብኩ። ተነሳ። ጀልባዋም ማንም ሳይነካት በጀርባዋ ወደ ሐይቁ ወጣች።

«ወደ ኋላ ነው የሚሄደው! ላጥፋው!» ብዬ ጮህኩ።

«ወላሂ ብታጠፋው ውኃ ውስጥ ነው የምጥልህ! ዳግመኛ ባይነሳስ?» አለ እንድሪስ።

ሞተሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ከውኃ ልውጣ እያለ ይታገላል። እኔ እንደ ሕፃን ታቅፌው ቀረሁ። ከዳር የዘይነብ አባት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲመርቁ አየሁ። ለካ ሽማግሌውን አስደስተናቸዋል። ከታላላቆች ፊት ጀርባ ሳይሰጡ ማፈግፈግ የጨዋ ልጅ ሥርዓት ነው፤ እንዲህ ሆና የሄደች ሙሽራ ደግሞ አይተው አያውቁም። በኋላ ቀርቤ፣ «አባባ፣ ስህተት ነው» ብላቸው፣ «ትሕትናህ ደግሞ ይበልጣል ልጄ» አሉኝ።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ የእንድሪስ ፊት ተለወጠ። በወዲያኛው ዳር እናቱ፣ አክስቴ ፋጡማ፣ ከነዘመዶቿ ቆማ ትጠብቃለች።

«እናቴ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ልትገባባት ነው! አለቀልኝ!»

እስከዚያ ድረስ ድምፅዋን ያልሰማነው ዘይነብ ቀስ ብላ ተነሳች። መቀመጫዋ ላይ ዞራ ፊቷን ወደ አክስቴ አድርጋ ተቀመጠች።

«ግማሹ መንገድ ለእናቴ፣ ግማሹ ለእናትህ» አለች።

እልልታው ከሞተሩ በላይ ተሰማ።

ማታውን ጥፋቱ ገባኝ። ገመዱን በግራዬ ስለጠቀለልኩት ሞተሩ በተቃራኒው ዞሯል። ምላሶቹ ደግሞ በየትም ቢዞር ግድ የላቸውም። ላስተካክል ስል የሁለቱም ዳር ሰው ከለከለኝ። ሐጂ ዑመርማ ተቆጡ፦ «ሥርዓት የተማረ ሞተር ልታባልግ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ የምትሄደው ወደ ኋላ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ መሃል ሲደርስ ይዞራል። እኔም በትምህርት እረፍቴ እየሄድኩ ሞተሩን እታቀፍ ነበር።

የመልሱ ቀን ዘይነብ ወደ ወላጆቿ ልትሄድ ወጣች። ከጀልባዋ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ» አለችኝ። «ዛሬ በቀኝህ ጠቅልለው። እናቴን ከዚህ ጀምሬ ፊት ለፊት እያየኋት ልሂድ።»

ሁላችንም አክስቴን አየን። እንዲህ ከሆነ ዘይነብ የምትሄደው ለእሷ ጀርባ ሰጥታ ነው። አክስቴ ወደ ዘይነብ ቀረበች። ከዚያ የዘይነብን ነጠላ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት።

«ሂጂ ልጄ። ጀርባሽም ያምራል። ብቻ ተመለሽ።»

ጀልባዋን አዞርን። ገመዱን በቀኜ ጠቀለልኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ ጀልባዋም እንደማንኛውም ጀልባ ወደ ፊት ሄደች። ዘይነብ ግን አንዴ ዘወር ብላ አክስቴን አየቻት።

ከግራሞፎኑ ብረት የተረፈችው ቁራጭ መጽሐፌ ውስጥ አለች። ትምህርት ሲከብደኝ በጥፍሬ አነሳትና ጥንግ ስትል እስቃለሁ። ሰው ሲጠይቀኝም ሥርዓት ያስተማርኩት ሞተር የለም፤ ግራኝ ስለሆንኩ ነው እላለሁ። የሚያምነኝ የለም። ሆኖም ለትክክለኛነቱ ያህል፣ ጀልባዋ ወደ ኋላ መሄዷን የተወችው በዚያው በመልሱ ቀን፣ የካቲት ፲ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም. ነው።