የወንድሜ የመድረክ እንባ

ወንድሜ ዘፋኝ ነው፤ እኔ ከኋላው ኪቦርድ እመታለሁ። የባንዱ ልጆች በሌለበት «አልቃሻው» ነው የሚሉት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባውን ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል።

ተመልካች ወሬ ሲጀምር፣ ስልኩን ሲነካካ፣ ወንድሜ ቶሎ ይነቃል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰውም ለመስማት አንገቱን ያሰግጋል። ከፊት ረድፍ አንዲት ሆደ ቡቡ የምትመስል ሴት ይመርጥና ዓይኑን ይተክልባታል። ከዚያ «ይቺ ዘፈን አፈር ለበላት እናቴ ትሁንልኝ» ይልና እንባው ዱብ! አዳራሹ ጸጥ ረጭ ይላል። እኔም ከሥር ቀስ ብዬ የሐዘን ዜማ አስገባለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠራን።

እናታችን እኮ አለች! እኔ ቤት ሬዲዮዋን ከፍታ ካልሲ ትጠግናለች።

ባለፈው ወር «ጉልበቴ ሳይከዳኝ ልጄን አንድ ቀን መድረክ ላይ ልየው» አለችኝ። ሄጄ ወንድሜን ለመንኩት።

«እሷ የምትመጣ ዕለት እንኳ አትቅበራት፣ በሞቴ!»

«ምን ነካሽ? እናቴ እኮ ናት!» ብሎ ማለልኝ።

እሑድ ከሰዓት ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳት። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። ሁለት ዘፈን በደህና አለፈ። ሦስተኛው ላይ ከኋላ ሳቅ ተነሳ፤ ጥቂት ሰዎችም ተነስተው ወጡ። ወንድሜ ዞሮ አየኝ። እንዳታደርገው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቱ! የገዛ እናቱን ዓይኗ እያየ በቁሟ ቀበራት። የእኔም ጣቶች፣ ይቆረጡና፣ እንደለመዱት ዜማውን አስገቡ።

እናቴ ጎን የተቀመጠችው ሴትዮ እየተንሰቀሰቀች መሐረብ አቀበለቻት። እናቴም ተቀበለች።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ መሐረቡን አጣጥፋ ያዘች።

«ለመሆኑ ከሞትኩ ስንት ዓመቴ ነው?» አለችኝ።

«ሦስት፣ እማዬ።»

«እሱስ ድሮም እንባው ቅርብ ነው። ሲያለቅስ ከሥር የምትመቺው አንቺ ነሽ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ጥሩ ትመቺያለሽ» አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።