ነጠላ አዘቅዝቀን የሄድንበት ቀን

ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብሎ ባለች የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ነፍሰ ጡር ክትትል በየቤቱ እየዞርኩ ስጨቀጭቅ ዕድሜዬ ሄደ። ዝም ያልኩት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንዲት ጎረቤታችን ራሷን አጠፋች። ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም «ድንገት አሟት ነው» አልን። ቤተሰቧ ፍትሐት እንዳትከለከል ፈርቶ ሆድ ይፍጀው አለ፤ እኛም አገዝነው። ቀብሯ ላይ ሴቱ ሁሉ ደረቱን እየመታ «ምነው ብትነግሪን!» ሲል እኔም አብሬ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ ለመሆኑ ማን ጠየቃት? ሁለት ወር ሙሉ ከሰንበቴ ቀርታ ነበር። ሰንበቴ ማለት እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ይዘን የምንሰበሰብበት ማኅበራችን ነው፤ አንድ ሰው ሲቀር ቦታው ያስታውቃል። የእሷም ቦታ አስታውቆ ነበር። አንዳችንም በሯን አላንኳኳንም።

ከዚያ ወረዳው ስልጠና ጠራን። «ሰውን ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቅ ያቀልለታል» ሲሉን እልህ ያዘኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን የምንተርት ሰዎች ይሄን ማወቅ ያቅተን? እንደተመለስኩ በእድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ።

«እድር ለሞተ ነው» አሉ ዳኛችን፣ እድሩን የሚመሩት ሽማግሌ። «ድንኳን አለን፣ ድስት አለን፣ አግዳሚ አለን። ያልሞተ ሰው ቤት ሄደን ምን ልንል ነው? ሟርት ነው!»

«ሲሞት ሦስት ቀን ሥራ ፈተን የምንቀመጥለት ሰው፣ በቁሙ ግማሽ ቀን ብንቀመጥለት ምን ይለናል?»

«ተይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም ባይነቅዝም ሰው አለቀ!» አልኳቸው። በሽማግሌ ላይ እንዲህ መጮህ ነውር ነው፤ ግን ወጣ።

ያዳኑኝ ቄሱ ናቸው፤ የብዙዎቻችን የንስሐ አባት። «እኔንም እኮ የምትጠሩኝ ሰው ከሞተ በኋላ ነው» አሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው። «ቀደም ብላችሁ ብትጠሩኝ፣ ቢያንስ ስናገር የሚሰማኝ አገኝ ነበር።» ሰው ሳቀ፤ ዳኛውም ሳይወዱ ሳቁ።

በዚያው ቀን ተስማማን። የአረም መድኃኒት ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ በእድሩ ዕቃ ቤት ይቆለፋል፤ ቁልፉን አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ትይዛለች፤ የሚፈልግ ሰው ለየትኛው ማሳ እንደሆነ ነግሯት ይወስዳል። የጨለመበት ሰው ያ ሰዓት እስኪያልፍለት አደገኛ ነገር በእጁ እንዳይገኝ ነው። ሁለት እሁድ ከሰንበቴ የቀረ ሰው ቤት ደግሞ ሁለት ሰው ይሄዳል። አንዳንዱ «ለገዛ መድኃኒቴ ደግሞ ፈቃድ ልጠይቅ?» ብሎ አጉረመረመ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ይህን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። መስከረም ላይ ከሰንበቴ የቀረው ማን ነበር? ታላቅ ወንድሜ። ሚስቱን ከቀበረ ዓመት ሆኖታል፤ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ብቻውን ይኖራል። ሁለት እሁድ ቀረ። ሄዶ የመጠየቁ ተራ የእኔ ነበር። «ወንድሜ አይደል፣ አውቀዋለሁ፤ ጭቃው ይዞት ነው» አልኩና አብራኝ የምትሄደውንም አስቀርቼ ቀረሁ። የሰውን ቤት ስዞር የራሴን ዘለልኩ።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ ቁልፍ ያዧ እያለከለከች ጤና ኬላው ድረስ መጣች።

«ወንድምሽ መድኃኒት ስጪኝ ብሎ መጣ። ጤፉ ሊታጨድ ምን ቀረው፣ የምን አረም ነው ብዬ ብጠይቀው ጥሎኝ ሄደ። ፊቱ ፊት አይደለም፣ እቴ።»

ኬላውን ሳልዘጋ ሮጥኩ። እሷ በበኩሏ በየደጁ «ኧረ ድረሱ! የጤና ሠራተኛዋ ወንድም ቤት!» እያለች ተጣራች። ወንዙን ተሻግሬ ዞር ብል ምን ልይ? ሴቶቹ በተርታ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ፤ ልክ ለለቅሶ! ከኋላቸው ወንዱ፣ ከፊት ዳኛው በዱላቸው፣ ቄሱም በመቋሚያቸው። እድር ሲጠራ እግራቸውም ልብሳቸውም የሚያውቀው ሌላ አካሄድ የለ። የማርያም ያለህ! «ነጠላችሁን መልሱ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ?

ወንድሜ ደጁ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። በሕይወት። የአጥሩን በር ገፍቼ ገባሁ። እሱ ሰዉን ሲያይ ብድግ አለ።

«ማን ሞተ?» አለ ደንግጦ።

ሴቶቹ ያን ጊዜ ነው ነጠላቸውን ያዩት። ዳኛው እያለከለኩ ዱላቸውን ተደገፉና፣

«ማንም አልሞተ። አንተ እንዳትሞትብን ነው የመጣነው» አሉት።

ከጎኑ ተቀመጥኩ። «ወንድም ጋሼ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» አልኩት።

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች አንዷ ከኋላ። ቄሱ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«አስቤያለሁ» አለ ወንድሜ። ቀና ብሎ አንድ በአንድ አየን። «ይሄን ያህል ሰው የሚመጣልኝ ግን ስሞት ብቻ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

ማንም «ወንድ አይደለህም እንዴ» አላለውም። እንደ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥንለት፤ ሌሊቱንም ወንዶቹ ተራ ገብተው አብረውት አደሩ። በአራተኛው ቀን ዳኛውና እኔ ይዘነው ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ አነጋገረው፣ መድኃኒት ጀመረ፣ ቀጠሮ ተሰጠው። ጤፉን ደቦ ወጥተን አጨድንለት። ወዲያው ዳነ አልልም። ዐቢይ ጾም ላይ ተመልሶ ጨለመበት፤ ተመልሰን ወሰድነው። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ተመስገን፣ ቀለለው። አሁን ከሰንበቴ የቀረ ሰው ቤት ለመሄድ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው።

ባለፈው ሁለት እሁድ እኔ ከሰንበቴ ቀረሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ወንድሜ ጋቢውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቆ ቆሟል፤ ከኋላው ቁልፍ ያዧ ዳቦ ታቅፋለች።

«ማን ሞተ?» አልኩ፣ ላስቀው ብዬ።

«ማንም» አለ። ግን አልሳቀም። «አንቺስ እንዴት ነሽ? እውነቱን።»

ደህና ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። መንገድ ለቀቅኩላቸው፤ ገብተው ተቀመጡ።