የውሰት ሶፋ

ወገዳ ከተማ የተከራየኋት ክፍል ርዝመቷ አምስት እርምጃ፣ ወርዷ ሦስት ነበር። ንብረቴ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ምድጃ፣ ሁለት ሳህንና በሚስማር የተሰቀለ ልብስ ነው። የግብርና ባለሙያ ስለሆንኩ ቀኑን ማሳ ለማሳ ስዞር እውላለሁ፤ ማታ ፍራሼ ላይ ጋደም ብዬ እጄን ስዘረጋ የምፈልገውን ሁሉ ሳልነሳ አገኘዋለሁ። እውነቱን ልናገርና ቤቴን እወዳት ነበር። ተጠርጋ ለማለቅ እንኳ ጊዜ አትፈጅም።

ጣጣው የመጣው ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ነው። የወደድኳት ልጅ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የእስቴ ልጅ ናት። አባቷ ገብስ አራሽ ናቸው። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ፣ «ቤቱን በዓይኔ ሳላይ ቃል አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። ለቅዳሜ ቀጠሮ ተያዘ። እሷ «እንዳለ ይዩት፣ ምን አስጨነቀህ?» አለችኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እንዲህ ላለ ቤት ማን ልጁን ይድራል?

አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። ጭንቀቴን አይተው «ውሰት ምን ነውር አለው?» አሉና የራሳቸውን ቁምሳጥንና ቴሌቪዥን ሰጡኝ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ሶፋውን በጋሪ አስጫነልኝ። ጎረቤት የብረት አልጋ ጨመረ። እምቢ የሚለኝ ሰው ጠፋ፤ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው። ሶፋው በበሩ አልገባ ቢል መዝጊያውን ነቅለን አስገባነው። ሁሉም ገብቶ ሲያልቅ ውጭ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ።

«ይግቡ አባቴ» አልኩ።

አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ ሶፋው ጉልበታቸውን መታው። በጎን ሞከሩ፤ ቁምሳጥኑ ከለከላቸው። ወደ ኋላ ተመለሱና ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው ቤቱን ከውጭ ረጋ ብለው አዩት።

«እቃውስ ደግ እቃ ነው» አሉ። «ልጄን የት ልታስቀምጣት ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «የውሰት ነው አባቴ» አልኩ። «የኔ ፍራሹ ብቻ ነው።»

እንግዳውን ሊቀበሉ አጠገቤ የቆሙት አከራዬ አንገታቸውን ደፉ። አባቷ ግን ከት ብለው ሳቁ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ነበር የሚባለው፤ ያንተስ ሳያድርም ቀለለ። በል አውጣው!»

ጋቢያቸውን አጣፍተው አብረውኝ ተሸከሙ። አልጋውን በአንድ ወገን እሳቸው፣ በአንድ ወገን እኔ ሆነን አወጣነው። ሶፋው ግቢው መሀል ዶሮዎች ሰፈሩበት። ቤቱ ባዶ ሲሆን ፍራሼን ዘረጋሁ። እሳቸውም ገብተው ተቀመጡና እግራቸውን እንደ ልባቸው ዘረጉ።

«እኔና እናቷ ጎጆ የወጣነው ከዚች በማትበልጥ ቤት ነው» አሉ። «ያውም ግማሹን በሬዎቹ ይዘውብን።»

ከዚያ ተነሡ፤ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ እኔንም አዩ።

«ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

ጎጆ ለወጣ ሰው የሚባለውን ምርቃት ነው ያሉኝ። ልጃቸውን ሰጡኝ! መልሱን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፤ እኔ ግን በደስታ መልሱን ረስቼ ጉልበታቸውን ለመሳም አጎነበስኩ። ቴሌቪዥናቸውን እንደታቀፉ ግቢ ውስጥ የቆሙት አከራዬ መጠበቅ አልቻሉም።

«እንቦሳ እሰሩ!» ብለው መለሱልኝ።